የቢሆነኝ ባሩድ

ባጃጇ ከአስፋልቱ ወርዳ ኮረኮንቹን ስትጀምር ባሻ ወንዳወቅ ነፍጡን በሁለት ጉልበታቸው መካከል አጥብቀው ያዙ። ነፍጡ በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርስ የጥንት መሣሪያ ነው፤ በሰሌን ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ርዝመቱ ግን ለባጃጅ የሚሆን አይደለም። አፈሙዙ በሸራው ጎን ወጥቶ መንገደኛውን ሁሉ ያስዞራል። አንድ ባለጋሪ ፈረሱን ገታ አድርጎ አየና ሳቀ። ባሻ ፊታቸውን አዞሩ። ነፍጥ አይቶ በሚስቅ ሰው ላይ ዓይን ማባከን አልፈለጉም።

የሚነዳው እንዳለው የሚባለው የወንድማቸው ልጅ ነው። ፍኖተ ሰላም ከተማ ከሆስፒታሉ እስከ ገበያው ሰው ሲያመላልስ ይውላል። ፀጉሩን ግራና ቀኙን ተላጭቶ መሀሉን እንደ አውራ ዶሮ አቁሞታል። ባሻ ያንን ፀጉር ባዩ ቁጥር ወንድማቸው ዘሩ እንደገና የሞተ ይመስላቸዋል። የአባቱ ደም ሳይደርቅ ራሱን የሚያስጌጥ ልጅ ከዚህ ቤት ይወጣል ብለው አስበው አያውቁም።

ከጠዋት ጀምሮ ቡሬ ላይ ባሩድ ሲፈልጉ ነው የዋሉት። የመጀመሪያው ባለሱቅ ጥያቄውን ሰምቶ ለሠርግ የሚተኮስ ርችት አወጣላቸው፤ ቀይና አረንጓዴ ወረቀት የተጠቀለለበት። ባሻ ርችቱን በሁለት ጣት አንስተው አዩትና እንደ ሞተ አይጥ መልሰው አስቀመጡት። ሁለተኛው ባሩድ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የብረት ቀለም መስሎት ነበር። ሦስተኛው ከድንጋይ ካባ የተረፈ የማፈንጃ ባሩድ በላስቲክ ቋጥሮ ሸጠላቸው። ከሱቁ ጓሮ ወስደው ቆንጥረው እሳት ላይ ቢጥሉት ተንጣጥቶ ጭቃ መሰለ። እርጥበት በልቶታል። ቅንጣቱም እንደ ባቄላ ክክ የወፈረ ነው። ለመለኮሻ ይሆን ይሆናል እንጂ አረር አይገፋም።

እንዳለው በመስታወቱ እያያቸው፣ ባሩድ ቤታቸው ተሰቅሎ ሳለ ለምን ቡሬ ድረስ እንደሚደክሙ ጠየቃቸው።

«ምን ባሩድ?» አሉ ባሻ።

«ቀንዱ ውስጥ ያለው።»

«እሱን አላጎርስም።»

እንዳለው ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። የቀንዱን ነገር በአካባቢው የማያውቅ የለም። ባሩዱን የወቀጠው ቢሆነኝ የሚባል ሰው ነው። ቢሆነኝ በሕይወቱ ሳለ የባሻ የአደን ጓደኛ ነበር። ከሾላ ማርያም እስከ ቆላው ድረስ እንደ እሱ ባሩድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የአኻያ እንጨት ያከስላል። ከአሮጌ በረት አፈር ጨው ያጣራል። ድኝ ከገበያ ይገዛል። ሦስቱን በእንጨት ሙቀጫ ለብ ባለ ውሃ እያርከፈከፈ ይወቅጣል። የመጨረሻውን ወቅጦ ቀንዱን ሞልቶ ለባሻ የሰጠው፣ ልጁ ሀብተሚካኤል የባሻን ወንድም ዘሩን ከመግደሉ በፊት ባለው በጋ ነው፤ በዚያው በጋ ተተኩሶ የቀረው አንድ ጉርሻ ነው።

ግድያው በሠርግ ቤት ደጃፍ ሆነ። በግጦሽ መሬት ቀድሞም ተቋስለው ነበር። ጠላ ጠጡ፤ ተሰዳደቡ፤ ዘሩ ዞሮ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሀብተሚካኤል ከጀርባ በምንሽር መታው። ከዚያ ጫካ እንኳ አልገባም። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። ባሻን ከግድያው ይልቅ ይህ አንገበገባቸው። ከጀርባ ተኩሶ ሮጦ መንግሥት ጉያ የሚገባ። ዘሩን የሚያህል ሰው እንዲህ ባለ ፍጡር እጅ መሞቱ። ቢሆነኝ በኀፍረት ቤቱን ዘግቶ ኖሮ ልጁ እስር ቤት እያለ ሞተ። ባሻ ከቀብሩ አልቆሙም። ጸበል ቅመሱ ብሎ የመጣውንም መልእክተኛ ከደጅ መለሱት።

አሁን ሀብተሚካኤል እስራቱን ጨርሶ ወጥቷል። መንግሥት በቃህ ቢለውም አገር ገና በቃህ አላለውም። ሽማግሌ ሲመላለስ ከረመ። ነገ ጠዋት ደም ይደርቃል።

ባሻ የሚወለዱበት የፊታውራሪ ስመኘው ዘር ደም ሲያደርቅ የራሱ ወግ አለው። ሌላው በመስቀልና በመሐላ ይጨርሳል። እነሱ ከመስቀሉና ከመሐላው በኋላ ነፍጥ ያስተኩሳሉ። ፊታውራሪው በዘመናቸው የጎረቤት ሰው ገድለው ሲታረቁ፣ ይኼንኑ ነፍጥ ለሟች ወንድም ሰጥተው «አንተ አጉርሰው፣ እኔ እተኩሰዋለሁ» አሉ ይባላል። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሆኖ ቀረ። ባሩዱንና አረሩን የሟች ወገን መርጦ ያጎርሳል። የገዳይ እጅ ይተኩሳል። ሲተኩስ የሟች ልጅ አጠገቡ ቆሞ እጁን በትከሻው ላይ ያሳርፋል። ባሻ ይህን በልጅነታቸው አንድ ጊዜ አይተዋል። ጣልያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ አባታቸው ግራዝማች እንቁ፣ ካባቸውን ደርበው፣ በርኖሳቸውን በሰው አስይዘው ሲያጎርሱ። ያኔ ሰው ሰው ነበር፤ ደመኛም ደመኛ ነበር።

ወጉ ሌላም ነገር አለው። ባሩዱ ከመጉረሱ በፊት በተኳሹ መዳፍ ላይ ይፈሳል። አይቶ፣ አሽትቶ ካልወደደው አልተኩስም ማለት መብቱ ነው። ያን ካለ ግን እርቁን የመለሰው እሱ ነው። ደሙ ባለበት ይቆማል፤ ነውሩም በእሱ ላይ ይቀራል።

የባጃጇ የኋላ ጎማ የተነፈሰው የሾላ ማርያም ጉልላት ከታየ በኋላ ነው። እንዳለው ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና መፍቻ ሊለምን ወደ አስፋልቱ ተመለሰ። ባሻ ከዚህ ልጅ ጋር የመጣ ነገር ሁሉ መንገድ ላይ የሚቀር መሆኑን ለራሳቸው ተናገሩ። የሰሌኑ ገመድ ላልቶ ነበር። ማጥበቂያ ክር ፍለጋ የሹፌሩን ወንበር ገለበጡ።

ከወንበሩ ስር የእግር ሹራብ ነበር፣ አንድ እግር ብቻ፣ ጫፉ የተቋጠረ። ከበደ። ፈቱት። የክላሽ ጥይት ነው፤ እፍኝ ሙሉ፣ አዲስ፣ ዘይቱ ያልደረቀ።

ባሻ ወደ አስፋልቱ አዩ። እንዳለው በሩቁ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ያወራል፤ ያ ፀጉሩ በነፋስ ይወዛወዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድማቸውን አቋቋም አዩበት። ደስ አላቸው ማለት ይከብዳል። ለዓመታት ወንድ አይደለህም ሲሉት የኖሩት እሳቸው ናቸው፤ በሰርክም በሰንበቴም፣ ሰው ባለበትም በሌለበትም። ልጁ መልስ አይሰጣቸውም ነበር። መልሱን ሹራብ ውስጥ ቋጥሮ ኖሯል።

ከጥይቶቹ ጥቂቱን ወደ ኮታቸው ኪስ ጨመሩ። ሹራቡን እንደነበረ ቋጥረው መለሱ። ኪሳቸው ውስጥ እየነካኩ ሳለ የነገው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለጠላቸው።

የክላሽ ባሩድ ለክላሽ ብረት የተሠራ ነው። ይህ አሮጌ ነፍጥ እሱን ቢጎርስ አፈሙዙ አረሩን አይተፋም። ከሥሩ ተሰንጥቆ ከተኳሹ ፊት ጋር ይበተናል። ባሩድ ወቅጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። ሀብተሚካኤል ደግሞ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ሲወቅጥ ነው ያደገው። መዳፉ ላይ ሲፈስ ያየዋል፤ ያውቀዋል። አውቆም ይመልሰዋል፤ ሌላ ምን ሊያደርግ። ከጀርባ የተኮሰ ሰው ከፊቱ የሚፈነዳ ነገር አይይዝም። በአገር ሽማግሌ ፊት አልተኩስም ይላል፤ እርቁ በእሱ ፍርሃት ፈረሰ ይባላል። ባሻን የሚወቅሳቸው የለም። ባሩድ መምረጥ የእሳቸው፣ መመለስ የእሱ።

እንዳለው መፍቻውን ይዞ ሲመለስ ባሻ ገመዱን አጥብቀው ጨርሰው ነበር።

የእንዳለው እናት ሀብትነሽ ከቤቷ ጓሮ በብረት ጭልፋ እርሳስ ታቀልጣለች። አረሩን ማዘጋጀት የእሷ ነው፤ ባሏ ነው የሞተው። ባሻ ሲደርሱ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለቻቸውና ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈታች። ከዘሩ ጎን የወጣች ጥይት ናት፤ ሬሳውን የገነዙት ሰጥተዋት እስከ ዛሬ ይዛታለች። በመዶሻ ሰንጥቃ የሆዷን እርሳስ ወደ ጭልፋው ጣለች። ለአረር አይበቃም ነበርና የአሮጌ ባትሪ እርሳስ ጨምራበታለች።

«ይህን ለዚያ ሰው ታወጪለታለሽ?» አሉ ባሻ።

«ለእሱ አይደለም፣ አያ። ከቤቴ ትውጣልኝ ብዬ ነው።»

የቀለጠው እርሳስ በእሳቱ ላይ እንደ ዓይን ያበራል። ሀብትነሽ ወደ ድንጋዩ ቅርጽ አፈሰሰችውና ተነፈሰች። ከዚያ ስለ እንዳለው ነገረቻቸው። ወደ ቤት ሲመጣ አይተኛም። ውሻ በጮኸ ቁጥር ይነሳል። አንድ ነገር ደብቋል፤ ምን እንደሆነ ግን አላገኘችውም። ገበያ ላይ የሚያገኘው ሰው ሁሉ አባትህን የገደለው ተፈታ አይደል ወይ ይለዋል። ከሰውም ከሰው የእሳቸው ምላስ እንደሚብስ ሳትሸሽግ ነገረቻቸው።

«ያንቺ ልጅ የሚያስበው ስለ ፀጉሩ ነው» አሉ ባሻ፤ ጥይቶቹ ኪሳቸው ውስጥ እርስ በርስ ተነካኩ።

«እርስዎ የሚንቁትን ሰው አያውቁትም» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ነገ ያ ነፍጥ ካልጮኸ ልጄ አንድም ገዳይ ነው፣ አንድም ሬሳ። የቀረኝ እሱ ነው። ባሩዱስ?»

«ተገኝቷል።»

«ከየት?»

«ከቡሬ።»

ሀብትነሽ አረሩን በእንጨት ገልብጣ ወደ ውሃ ጣለች። ውሃው ጮኸ። ወደ ባሻ ቤት፣ ቀንዱ በተሰቀለበት በኩል አየች። ባሻ ሴት ብዙ ስታይ ነገር እንደምታበዛ እያሰቡ ሄዱ። ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። በጉጠት የጥይቶቹን ራስ እየነቀሉ ባሩዱን በወረቀት ላይ አራገፉት። እንደ ኑግ ያብለጨልጫል። በጣታቸው አሹት። የተወቀጠ ባሩድ ጣት ያጠቁራል፤ ይህ ጣታቸውን አላጠቆረውም።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ከወንዙ ዳር፣ ከሾላው ስር ተሰበሰበ። ባሻ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩ። አንዱ ከዓመታት በፊት በዚያው ግጦሽ ድንበር ሲያስገፋ የነበረ ነው። ሌላው ለእርቁ ከሚታረደው ወይፈን ላይ ዓይኑን መንቀል አልቻለም። ሦስተኛው ጆሮው አይሰማም፤ ሰው በተናገረ ቁጥር ግን ራሱን ይነቀንቃል። መምሬ ገብረሰንበት መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ስልካቸው ከቀሚሳቸው ስር ሦስቴ ጮኸ፤ ሦስቴም እያጉረመረሙ ዘጉት። አገር በእነዚህ እጅ ይታረቃል።

ሀብተሚካኤል ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከማዶ መጣ። ከስቷል። እስር ቤት አስረጅቶታል፤ ጫማው ብቻ አዲስ ነው። ከሀብትነሽ እግር ስር ተደፍቶ እስክታነሳው ድረስ አልተነሳም። መሐላው ተማለ፤ መስቀሉ ተሳመ። ባሻ ይህን ሁሉ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ነፍጡን ተደግፈው እንደ ሰው ቤት ሠርግ አዩት። ሲያለቅስም አዩት። እንባ የማይወጣው ገዳይ የለም።

ከዚያ መምሬ፣ ባሩዱ ይምጣ አሉ።

ባሻ ከኪሳቸው ወረቀቱን አወጡ። ሀብተሚካኤል ሁለት እጁን አጣምሮ ዘረጋ። በመዳፉ ላይ አፈሰሱለት። ባሩዱ በጠዋቱ ፀሐይ አብለጨለጨ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ ጥቁር ነገር ነው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሀብተሚካኤል ወደ አፍንጫው አስጠጋው። አጎንብሶ ቆየ። ባሻ የሚመጣውን ቃል ጠበቁ። መልሱን እንኳ አዘጋጅተው ነበር፤ አጭርና ለልጅ ልጁ የሚተርፍ።

«ወደድከው?» አሉ መምሬ።

«ወድጄዋለሁ።»

ባሻ መጀመሪያ ያሰቡት አላወቀውም ብለው ነው። ደደብ ነው፤ እስር ቤት አእምሮውን በልቶታል። ሀብተሚካኤል ግን ባሩዱን ወደ ወረቀቱ መልሶ አራገፈና መዳፉን በነጭ ነጠላው ጠርግ አድርጎ ጠረገ። ነጠላው አልጠቆረም። ያንን ንጹሕ ነጠላ ለአፍታ ለባሻ ብቻ ገልጦ አሳያቸውና ወደ ትከሻው መለሰው። ዓይኑ ላይ ቁጣ የለም። የሚሰጡትን የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነው።

አሁን መመለሻ አልነበረም። ሰው ያያል። ባሻ ባሩዱን በአፈሙዙ አፈሰሱ። የሀብትነሽን አረር በጨርቅ ጠቅልለው አስከተሉ። በዘንጉ ጠቀጠቁ። ከቃታው በላይ ባለችው፣ ጆሮ በሚሏት ትንሽ ጎድጓዳ ላይ ከቡሬ የመጣውን፣ ሌሊት አድርቀው ያደቀቁትን የካባ ባሩድ ነሰነሱ። በእያንዳንዱ እርምጃ አሁን ይላል፣ አሁን ይላል እያሉ ነበር። ከቃታው ጋር የተያያዘውን የመለኮሻ ክር ጫፍ ለኩሰው ነፍጡን ሰጡት። ተቀበለ። ይመልሰዋል አሉ በልባቸው። ይህ ፍጡር እስከዚህ ይደርሳል ብለው አላሰቡም ነበርና ከዚህ በኋላ ያለውን ምንም አላሰቡትም።

እንዳለው ከሰው መካከል ወጣ። እናቱ ትናንት ፀጉሩን አስላጭታው ኖሯል፤ ራሱ እንደ አባቱ ክብ ሆኖ ታየ። ወደ ሀብተሚካኤል ሄዶ እጁን በትከሻው ላይ አሳረፈ።

ባሻ ያን እጅ አዩት። ትናንት ከመንገድ ዳር ጀምሮ ያንን እጅ አንድ ጊዜም አላሰቡትም። ወጉን ለሌላው ሲያስረዱ የኖሩት እሳቸው ናቸው።

ሀብተሚካኤል ነፍጡን ሳያነሳ ዞር ብሎ «ወንድሜ፣ ትንሽ ራቅ ብትልልኝ» አለ።

«ይቁም እንጂ፤ ወጉ ነው» አለ ወይፈኑን ሲያይ የነበረው ሽማግሌ።

«ነፍጡ ያረጀ ነው። እሳቱ እንዳይነካው ብዬ ነው።»

«የቀደሙትም የሟች ልጆች እንዲሁ ቆመዋል። ተኩስ፣ ጊዜ አትግደል።»

ሀብተሚካኤል ወደ ሀብትነሽ አየ፤ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ወደ ባሻ አላየም። አልተኩስም ማለት አንድ ቃል ናት፤ ያቺን ቃል ካላት በኋላ ግን ልጁ ለደም ይመጣበታል፤ እሱም ያውቃል። ገላውን አዙሮ ልጁን ከጀርባው አደረገ። ሰደፉን ወደ ጉንጩ አስጠጋ። ከማዶው የጭቃ ገደል ላይ አለመ። ጣቱ ቃታውን ሳበ፤ የሚያጨሰው ክር ወደ ጆሮዋ ይወርድ ጀመር።

ባሻ መሮጣቸውን አያስታውሱም። መዳፋቸውን በጆሮዋ ላይ ደፍነው ቆመው ነው ራሳቸውን ያገኙት። ፍሙ በእጃቸው ጀርባ ላይ አረፈ። የተቃጠለ ሥጋ ሸተተ። አልጮኹም፤ እጃቸውንም አላነሱም። ሀብተሚካኤል ቃታውን ለቆ ክሩ እስኪመለስ ድረስ እንደዚያው ቆዩ።

«አውርድ» አሉ። «ባሩዱ እርጥብ ነው።»

ሰዉ አጉረመረመ። መስማት የተሳነው ሽማግሌ ምን አሉ ምን አሉ ይላል። መምሬ ይህ ምልክት ነውና እንጸልይ አሉ፤ ማንም አልሰማቸውም። ሀብትነሽ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ መጣች። ከነጠላዋ ስር የባሩድ ቀንድ አወጣች። ጠዋት ባሻ ከቤት ሲወጡ ገብታ ከግድግዳው አውርዳው ነው የመጣችው። ቀንዱን አቀበለቻቸውና የተቃጠለውን እጃቸውን አየች። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ባሻ ደግመው ማየት አልፈለጉም። ሌላውን ሁሉ በዚያ ዓይን ሲያዩ የኖሩት እሳቸው ነበሩ።

የጎረሰውን ነፍጥ ማስተፋት ሥራ ነው። ዘንጉ ጫፉ ላይ ጠመዝማዛ ብረት አለው፤ በአረሩ ላይ ሰክቶ መጎተት ይጠይቃል። ባሻ ቢሞክሩ ጣቶቻቸው አልታጠፍ አሉ። ሀብተሚካኤል ሳይጠየቅ ዘንጉን ተቀበለና ቀስ አድርጎ እያዞረ አወጣው። እጁ አባቱን ይመስላል። አረሩን በነጠላው ላይ አስቀመጠ። ነፍጡን ወደ ወንዙ ደፍቶ ባሩዱን አራገፈ። የሚያብለጨልጨው ቅንጣት በውሃው ላይ ተንሳፎ ሄደ።

እንዳለው ከዳር ቆሞ ያያል። ከቅንጣቱ ጥቂቱ ከእግሩ አጠገብ እርጥብ ድንጋይ ላይ ቀረ። አጎንብሶ በጣቱ ነካው። ቀና ሲል ከአጎቱ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሁለቱም ከሹራቡ ውስጥ የጎደለውን ያውቃሉ። መጀመሪያ ዓይኑን ያወረደው እንዳለው አልነበረም።

ባሻ ቀንዱን በጥርሳቸው ከፈቱ። ሀብተሚካኤል መዳፉን ዘረጋ። የቢሆነኝ ባሩድ እንደ ተወቀጠ ሌሊት ነው፤ አያብለጨልጭም። ሀብተሚካኤል አላሸተተውም። ዝም ብሎ አየው። አባቱ ሲሞት አልነበረም፤ ቀብሩ ላይም አልቆመም። ባሩዱን ወደ አፈሙዙ ሲመልሱት መዳፉ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ በነጠላው አልጠረገውም።

አረሩን አስገቡ፤ ጆሮዋ ላይም ከዚያው ባሩድ ነሰነሱ። ዘንጉን ለመያዝ የባሻ እጅ እንቢ አለ። የሟች ወገን ብቻ ነው የሚያጎርሰው፤ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ባሻ ዘንጉን ወደ ሀብተሚካኤል ገፉት።

«ጠቅጥቀው። አጥብቀህ፤ ሊጥ አይደለም።»

ጠቀጠቀው። እንዳለው እጁን በትከሻው ላይ መለሰ። በዚህ ጊዜ ራቅ በል ያለው የለም። ክሩ ወረደ፤ ጆሮዋ ብልጭ አለች፤ ነፍጡ ጮኸ። የወንዙ ሸለቆ ድምፁን ተቀብሎ ወደ ላይ ወሰደው። ከማዶ ጭቃው ተፈናጥሮ ወደቀ። ነጩ ጭስ ሦስቱን ሰዎች ሸፈናቸው፤ ሲገፈፍ እንዳለው እጁን ገና አላነሳም ነበር። ሀብትነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ አድርጋ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ተነሱ፤ ወይፈኑም ተነሳ።

ሰው ወደ ድግሱ ሲያዘነብል ሀብተሚካኤል ነፍጡን ጠርጎ አመጣላቸው። ባሻ ከሾላው ስር እጃቸውን በቅጠል ሸፍነው ተቀምጠዋል። ነፍጡን ከአጠገባቸው አስደግፎ በመቆም ፈንታ ቁጢጥ አለ።

«ባሩዱ ደረቅ ነበር፣ ባሻ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እኔም አውቄ ነበር።»

«አይቻለሁ።» ባሻ ወደ ወንዙ አዩ። ለዚህ ሰው ያዘጋጁት ያ አጭር ቃል አሁንም አፋቸው ላይ ነበረ። ቢፈልጉት ግን የሚወረውሩበት ሰው ጠፋ። ከአጠገባቸው ቁጢጥ ያለው የቢሆነኝ ልጅ ነው፤ እጁ እስከ አንጓው ጠቁሯል፤ ልጅ ሳለ ከሙቀጫው ሲነሳ እንደዚያ ነበር።

ከማዶ እንዳለው ባጃጇ አጠገብ ቆሟል። ወንበሩን አንስቶ ሹራቡን አወጣ። ወደ ወንዙ ወርዶ ቋጠሮውን ሳይፈታ ከጥልቁ ጣለው። ባሻ አዩት፤ አልጠሩትም።

ቀንዱን ነቀነቁት። ምንም አልተንኳኳም። ወደ ሀብተሚካኤል ወረወሩት፤ በደረቱ ያዘው።

«የአባትህ ባሩድ አለቀ» አሉ። «አኻያው ከወንዙ ራስ አለ። አክስለህ ይዘህ ና። ሙቀጫው እኔ ቤት ነው።»

ሀብተሚካኤል ቀንዱን ይዞ ቀረ።

«ሲነጋ ና፤ ሰው ሳይነሳ እንደ ሌባ ሳይሆን፣ ሰው እያየህ» አሉ ባሻ፣ አሁንም ወደ እሱ ሳያዩ። «ድኙንም አንተ ግዛ። የቡሬ ነጋዴዎችን ባሩድ ብትላቸው ርችት ነው የሚያወጡልህ።»